ማን አለሽ

የአቡጀዲ ጥቅል ሲፈታ የሚወጣ ሽታ አለ። ጨርቁ ደረቅ ብሎ እንዲቆም ፋብሪካ የሚቀባው ነገር ነው። ገዢው «አዲስ ዕቃ» ብሎ በደስታ ያሸተዋል፤ እኛ ሻጮቹ ግን ስሱን ጨርቅ ወፍራም አስመስሎ የሚያወጣልን ወዳጃችን መሆኑን እናውቃለን። በዚህ ሽታ ስንት ዘመን እንጀራ በልቼበታለሁና አላማውም። ባለፈው ሰሞን ግን አንዱን ጥቅል በቀትር ሙቀት ብቻዬን ስፈታ ሽታው ፊቴን መታኝና መቀሱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። የሩዝ ውሃ ነበር የሸተተኝ፤ እናቴ የፈረንጆቹን ሸሚዝ ደረቅ እንዲል የምትነክርበት የሩዝ ውሃ።

እናቴ አረጋሽ ጅቡቲ ውስጥ ልብስ አጣቢ ነበረች። አባቴን አላስታውሰውም፤ ሐዲድ ሲያነጥፍ ታሞ ሞተ ብለውኛል። ቤታችን ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ከቆርቆሮና ከዕቃ ሣጥን ጣውላ የተሠራ አንድ ክፍል ነው። ግቢው ግን ሰፊ ነበር፤ ማንም ስላልፈለገው። ጠዋት ጠዋት ሱማሌው ውሃ ሻጭ አህያውን እየነዳ ከአምቡሊ ጉድጓድ ይመጣል። እናቴ «ዛሬም ጨው ጨው ይላል» ብላ ትጨቃጨቀዋለች፤ እሱም «ወላሂ ማር ነው» ይላታል፤ ከዚያ ሁለቱም የዕለት ሥራቸውን በሰላም ይጀምራሉ። የኔ ሥራ የሩዙን ውሃ ማማሰል፣ የካውያውን ፍም ማራገብና የተሰጣውን ልብስ ከኸምሲን መጠበቅ ነበር። አገር ቤት ክረምት ነው በሚባልበት ወራት እኛ ዘንድ ኸምሲን የሚሉት ንፋስ ይነሣል፤ የበረሃውን አሸዋ ተሸክሞ ይመጣና የታጠበውን ሁሉ እንደገና ያሳጥባል።

የምጽፈው ስለ አንድ የኸምሲን ወቅት ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ እኔም የወተት ጥርሴን ነቅዬ አልጨረስኩም።

ከሰዓት በኋላ ፊደል እማር ነበር። «ሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል?» ለሚሏት፣ እናቴ «የማንን ሸሚዝ ለማን እንደምትመልስ ታውቅበታለች» ትል ነበር። አስተማሪዬ የኔታ ነበሩ። የተቀደደ የመርከብ ሸራ ለጥላ ወጥረው፣ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው፣ አንድ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ የብሉይን ታሪክ ይነግሩናል። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ቁጣቸው ቶሎ የሚበርድ ሰው ነበሩ። እናቴ ጋቢያቸውንና ጥምጥማቸውን ታጥብላቸዋለች፤ እሳቸውም እኔን ያስተምራሉ። ሒሳቡ እንዲህ ነበር።

በዚያን ጊዜ ጅቡቲ ያለነው የሐበሻ ክርስቲያኖች ሁላችንም እንተዋወቃለን። በየወሩ በአንዱ ቤት ማኅበር ይጠጣል፤ ጽዋው ከቤት ወደ ቤት በተራ ይዞራል። የማኅበር ሹም ሙሴ ይባላል። የኛ ሙሴ የኔታ ነበሩ።

እዚህ ላይ የልጅነት ቂልነቴን ልናገር። እኛ የጅቡቲ ልጆች ፈረንጅን ሁሉ ሙሴ ነበር የምንለው፤ እርስ በርስ ሲጠራሩ ሰምተን የወሰድነው ነው። የጉምሩኩ ሙሴ፣ የባቡሩ ሙሴ፣ ሸሚዙ ላይ ሁልጊዜ ወይን የሚያፈሰው ሙሴ። ስለዚህ የኔታ፣ ሙሴ በበትሩ ባሕር ከፈለ ብለው ሲያስተምሩን፣ እኔ የታየኝ ነጭ የቡሽ ባርኔጣ ያደረገ፣ በዱላው ኩሊዎችን የሚያዝ ወፍራም ፈረንጅ ነው። ባሕሩም እዚሁ ከወደቡ ማዶ ያለው ነው።

«የኔታ፣» አልኩ አንድ ቀን፣ «ሙሴ ሸሚዙን ማን አጠበለት? ባሕር ጨው ያደርጋል።»

«በደረቅ ነው የተሻገሩት፤ አላደፈም» አሉኝ ሳይስቁ።

በዚያ ወር ማኅበሩ በአቶ ዘለቀ ቤት ነበር። አቶ ዘለቀ የጣቢያው የጭነት አለቃ ነው፤ ከአገር ቤት በባቡር የመጣ አንድ ባላምባራስ እንግድነት አርፎበታል። ባላምባራሱ ጥሩ ሰው ይመስል ነበር፤ ለኛ ለልጆች ዳቦ ቆርሶ ሰጠን። እናቴ የአቶ ዘለቀን ሚስት እያገዘች ጠላ ትቀዳለች። ባላምባራሱ ዓይኑን አጥብቦ ሲያያት ቆየ። ከዚያ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ እንዲሁ ዕቃ አቀብዪኝ እንደሚል ሰው፣

«ማን አለሽ?» አላት።

«ጌታዬ አለኝ» አለች እናቴ።

ቶሎ ነው ያለችው። ጠላው እየተቀዳ ነበር፤ አልፈሰሰም፤ ዋንጫው እስኪሞላ ቀዳች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ይኸውላችሁ!» ብሎ ሳቀ ባላምባራሱ። «የአጎቴ ቤት ሰው ናት! በልጅነቴ እኔም ስጠራት ነበር። ምነው ጠፋሽ አንቺ?»

ማንም አልሳቀም፤ ግን ማንም «ተው» አላለውም። እኔ ነገሩ አልገባኝም። ካህኑ ሲል ሕዝቡ እንደሚመልሰው፣ የታላላቅ ሰዎች ሰላምታ መስሎኝ እናቴ በቃሏ በማወቋ ኮራሁ። አድጌ ነው የተረዳሁት። አንዳንድ ጌቶች ለባሪያቸው እንዲህ ያለ ስም ያወጡ ነበር፤ ጌታው ግማሹን ይጠራል፣ ባሪያው በ«አቤት» ፈንታ ግማሹን ይመልሳል። ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ስም የለውም። ስለዚህ እናቴ «ጌታዬ አለኝ» ስትል፣ ግንባሯ ላይ ያልተጻፈውን በአፏ አነበበችላቸው ማለት ነው።

ባላምባራሱ እስኪጠግብ በልቶ፣ ጺሙን ጠርጎ፣ በሚቀጥለው ባቡር ሄደ። አንዳች ነገር ጥሎ እንደሄደ እንኳ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ የማኅበሩ ሴቶች አልሰደቡንም። መስደብ ቢኖር ይሻል ነበር፤ እናቴ መመለስ ታውቅ ነበር። ዝም ብለው ሰላምታቸውን ከሩቅ አደረጉት። ጉንጭ ለጉንጭ የምትስማት የአቶ ዘለቀ ሚስት «እጄ ርሷል» ብላ ጣቷን ብቻ ሰጠቻት። ፈረንጆቹ አልተለወጡም፤ ሸሚዛቸው ከነጣ የማን ልጅ አጠበው አይሉም። እናቴ ግን ተለወጠች። የታጠበውን ልብስ ራሷ ታደርስ የነበረችው እኔን መላክ ጀመረች። ለጸሎት በምንሰበሰብባት የቆርቆሮ ቤት በራፍ ላይ ትቆምና ሰው ሲወጣ ቀድማ ትሄዳለች።

የሰፈር ልጆች በአጥራችን ቀዳዳ እያሾለቁ «ማን አለሽ?» ብለው ይጮሁና ይሮጡ ነበር። ያን ጊዜ እናቴ አንሶላ ስትሰቅል ጫፉን በጥርሷ ነክሳ ትይዘው ጀመር። ልብስ ሰቅላ ስትጨርስም አትለቀውም። እኔ አዲስ የአሰቃቀል ዘዴ መስሎኝ መሐረብ ነክሼ አጠገቧ እቆማለሁ። አንድ ቀን አየችኝ። ከአፌ ቀስ ብላ አወጣችው።

«አንቺ አትንከሺ» አለች። «አንቺ ከአፍሽ የሚያመልጥሽ ነገር የለም።»

በዚያው ሰሞን የኔታ የአዳምን ነገር እያስተማሩን ነበር። በልተው አፈሩ፤ አፍረው ከዛፍ ኋላ ተደበቁ። እኔም አሰብኩ። እናቴ ትደበቃለች። የሚደበቅ ሰው ያፈረ ነው። ያፈረ ሰው ደግሞ የበላው አለ። ንግድ ላይ ብዙ የጠቀመኝ ጭንቅላት ያኔም ይሠራ ነበር፤ የተሳሳተው ዕቃውን እንጂ ስሌቱን አልነበረም። ሣጥኗን ፈተሽኩ፣ ከፍራሽ ሥር አየሁ፣ የተሰረቀ የሚመስል አላገኘሁም። ልጆቹ ሲሄዱ ወደ ኋላ ቀርቼ የኔታን ጠየቅሁ።

«የኔታ፣ እናቴ ምን በላች?»

«እንዴት?»

«ትደበቃለች'ኮ። እንደ አዳም።»

የጨፈኑትን ዓይናቸውን ገለጡት።

«እናትሽ ምንም አልበላችም» አሉ።

«ታዲያ ለምን ታፍራለች?»

«ኀፍረትና በደል ሁለት ናቸው፣ ልጄ። በደል ያለበት የሠራው ሰው ነው። ኀፍረት ግን … ሌላው ሠርቶት አንቺ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ነቢያቱም እግዚአብሔርን አታሳፍረኝ እያሉ የሚለምኑት በድለው ብቻ አይደለም፤ ጠላት እንዳይስቅባቸው ነው።»

«ያ የሠራውስ ሰውዬ? እሱ አያፍርም?»

«ሂጂ፣ መሽቶብሻል» አሉኝ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር።

በማግሥቱ የሙሴን ታሪክ ቀጠሉ። ሕዝቡ በግብፅ ባሮች ነበሩ፤ ከወጡ በኋላ ልጆቻቸው በየዓመቱ ሲጠይቋቸው «እኛ የፈርዖን ባሮች ነበርን» ብለው እንዲነግሯቸው ታዘዙ አሉ። ባርነታቸውን አላፈሩበትም፤ ያፈሩት በኋላ ጥጃ ሠርተው በሰገዱ ጊዜ ነው፤ ያኛው የእጃቸው ሥራ ነዋ። ይህን ብለው አቆሙ። አቧራው ነው ብለው ውሃ ጠጡ።

እኔ ቤት ስገባ እናቴ ትተኩሳለች። ታሪኩን ሁሉ፣ ከነባርኔጣው፣ ዘረገፍኩላት።

«ማን ነው ባሮች ነበሩ ብሎ የሚያወራባቸው?» አለች። «ጌቶቻቸው?»

«አይ፣ ራሳቸው!»

«ራሳቸው? ሰው እየሰማ?»

«ልጆቻቸው ሲጠይቋቸው። በየዓመቱ። በበዓል ቀን፣ እየበሉ።»

ካውያውን ሸሚዙ ላይ ረስታው ኖሮ መቃጠል ጀመረ። የእጅጌው ሽታ እስኪመጣ ሁለታችንም አላየነውም። እናቴ ሸሚዝ ስታቃጥል ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። አልተቆጣችም። የተቃጠለውን አንሥታ በቀዳዳው ወደ ብርሃን ተመለከተች።

«እየበሉ» አለች ለራሷ።

የሚቀጥለው ማኅበር የኛ ተራ ነበር። እናቴ ከብዙ ጊዜ በፊት ጌሾ በባቡር አስመጥታ አስቀምጣለች። ሰዎቹ ግን ተራው እንዲያልፋት እየተመካከሩ ነው። አቶ ዘለቀ «ለእሷም እንዲያው አድካሚ ነው፣ እናሳርፋት» አለ ተባለ። ማሳረፍ ነው ያለው። እናቴ ይህን ስትሰማ ተቀመጠች፤ ያን ቀን ውሃ ሻጩን እንኳ አልተጨቃጨቀችውም፤ እሱ ደንግጦ «ታማለች ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ተራው ካለፋት በጅቡቲ ያለን ወገን አለቀ ማለት ነው፤ ታመን የሚጠይቀን፣ ሞተን የሚቀብረን አይኖርም። ያን እኔም ሳይነገረኝ ገብቶኛል።

የኔታ የመጡት በዚያ ሳምንት ነው። የታጠበውን ጋቢያቸውን ሊወስዱ የመጡ አስመስለው ገቡ። እናቴ በርጩማ አቀረበችላቸው፤ አልተቀመጡም። እኔን ልጅ ነች ብለው አላስወጡኝም።

«አረጋሽ፣» አሉ፣ «ተራሽ አያልፍም። ሙሴ እኔ ነኝ፤ ጽዋ ተራ አይዘልም ብያቸዋለሁ፤ ይመጣሉ።»

«እግዜር ይስጥልኝ የኔታ።»

«አትመርቂኝ።» ጥምጥማቸውን አወለቁ። መላጣቸውን ያኔ አየሁት፤ ትንሽ ሰው ሆኑብኝ። «ያን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

እናቴ የያዘችውን አላስቀመጠችም፤ አንሶላ ነበር።

«ከዚያ ከባላምባራሱ አጎት ቤት የጌታውን ልጆች አስተምር ነበር፤ ቅኔ ጀማሪ ነኝ፣ ወጣት ነኝ። አንቺን ሲያመጡሽ እንደዚህች ልጅሽ ነበርሽ። ማንም የለኝም፣ ማንም የለኝም እያልሽ ታለቅሺ ነበር። ምሳ ላይ ጌታው ለአዲሲቱ ስም አውጡላት አሉ። እኔ ከልቅሶሽ አንሥቼ … ማን አለሽ ሲሏት ጌታዬ አለኝ ትበል አልኩ። ሳቁ። ወደዱት። ኩታ ሸለሙኝ።»

ውጭ ኸምሲኑ ቆርቆሮውን ያንኳኳል።

«ኩታው ጥሩ ነበር?» አለች እናቴ።

«… ጥሩ ነበር።»

«ጥለቱስ?»

«አረጋሽ።»

«አይ፣ ልወቀው ብዬ ነው። ስንት ጊዜ ለበሱት?»

«እስኪያልቅ ለበስኩት» አሉና ማልቀስ ጀመሩ። «እዚህ ስታጥቢልኝ የኖርሽው አንቺ መሆንሽን አላወቅሁም ነበር፤ ዘለቀ ቤት አፍሽ እስኪመልስ ድረስ። ይቅር በዪኝ።»

እናቴ አንሶላውን አጠፈች። ጠርዙን ከጠርዝ ገጥማ፣ አስተካክላ አጠፈችው።

«እኔ አፈርኩ እንጂ አልበደልኩም» አለች። «ይህን ልጄ ናት ከርስዎ ተምራ የነገረችኝ። በማኅበሩ ቀን እኔ የኔን እናገራለሁ። እንደ እነዚያ ሰዎች፣ እየበሉ እነግራቸዋለሁ። እርስዎም የርስዎን ይናገሩ። ያኔ ይቅር እልዎታለሁ፤ ሰው እየሰማ።»

«እናገራለሁ» አሉ።

«ይምላሉ?»

«እናገራለሁ አልኩሽ'ኮ።»

ጋቢያቸውን ሳይወስዱ ወጡ። እኔ ነኝ ሮጬ ያደረስኩላቸው።

የማኅበሩ ዕለት እናቴ ግቢውን በአንሶላ ከንፋሱ ጋረደችው። የፈረንጆቹ አንሶላ ነው፤ ዙሪያችንን እንደ መርከብ ሸራ ይነፋል። ዳቦው ጥሩ ወጥቶላታል። ሰዎቹ በይሉኝታ ሁሉም መጡ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጎን ለጎን ተጠጋግተው፣ ቶሎ ሊነሡ በሚመች አቀማመጥ ተቀመጡ። የኔታ ባረኩ። ዳቦው ተቆረሰ። የአቶ ዘለቀ ሚስት የደረሳትን ከንፈሯ ድረስ አስጠግታ መሐረቧ ውስጥ ስታስገባው አየሁ፤ ሌሎቹም መሐረባቸውን ያወጡ ጀመር።

እናቴ ተነሣች። አዲስ ቀሚስ የላትም፤ ያላት ግን እንደ ወረቀት ተተኩሷል።

«ብሉ» አለች። «እየበላችሁ ስሙኝ። ባላምባራሱ ያለው እውነት ነው። በልጅነቴ ከአገሬ ወስደው ሸጡኝ። ባሪያ ነበርኩ። እንደገና ሊሸጡኝ ወደ ባሕር ሲያወርዱኝ ጠፍቼ ቀረሁ። ሰው አልገደልኩም፤ የሰው ዕቃ አልነካሁም፤ ማንንም አልሸጥኩም። ልጄ እንድትሰማው ነው የምናገረው፤ ከአጥር ቀዳዳ ከምትሰማው።»

ከዚያ ወደ የኔታ ዞረች። እኔም ዞርኩ። አሁን ይናገራሉ፣ አሁን ሁሉም ያውቃል፣ ነገ የአቶ ዘለቀ ሚስት ጉንጯን ትሰጣለች ብዬ ጠበቅሁ።

የኔታ ቆሙ። ሰው ሁሉ ነው የሚያያቸው፤ አስተማሪያቸው ናቸው፣ ሙሴያቸው ናቸው፣ ልጅ ሲወለድ ስም የሚያወጡላቸው እሳቸው ናቸው። አፋቸውን ከፈቱ። እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉና በግዕዝ ጀመሩ።

ንስሐ ገቢው ሁሉ የሚደግመው ያ የዳዊት ጸሎት ነበር፤ ሰው ሁሉ ስለ ራሱ የሚለው፣ ማንንም ለይቶ የማይጠራ። አንድም ቃል ሳይዘሉ፣ እንባቸው ጺማቸው ላይ እየወረደ፣ በዜማ አደረሱት። እንዲያ ያለ ዜማ ከሳቸው ሰምቼ አላውቅም። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። አቶ ዘለቀ አንገቱን ደፋ።

«የኔታ፣» አለች እናቴ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «በአማርኛ ይበሉት።»

አላቆሙም።

«በአማርኛ፣ የኔታ።»

«ተይ እንጂ፣ እየጸለዩ ነው!» አለቻት የአቶ ዘለቀ ሚስት።

ሲጨርሱ ግቢው ሁሉ «አሜን» አለ። እየተነሡ የኔታን እጅ ሳሙ፤ እንዲህ ያለ አባት ስለሰጠን ተመስገን አሉ፤ ለእናቴ ነፍስ አዝነው እንዳለቀሱላት ሁሉም ተግባብቷል። የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋውን ከእናቴ እጅ ሳይሆን ከየኔታ እጅ ተቀበለ። የኔታ ወደኛ ሳያዩ በመካከላቸው ወጡ። ከዚያ ቀን ወዲያ ጋቢ አልላኩም፤ እኔም ወደ ሸራው ጥላ አልተመለስኩም።

ዳቦው ተርፎ ነበር። እናቴ አንሶላዎቹን አንድ በአንድ አወረደች፤ አቧራ ጠጥተዋል፣ ሁሉም እንደገና መታጠብ አለባቸው። እኔ በሌላው ጫፍ ይዤ አብሬ እያጠፍኩ ነበር።

«እማዬ፣ ሁሉም አሜን ሲሉ አንቺ ለምን ዝም አልሽ?»

አንሶላውን ወጠር አደረገችው፤ እኔም ወጠር አደረግሁት።

«የኔታ በአማርኛ ቢሉት ኖሮ፣ ልጄ፣ አሜን የምለው እኔ ብቻ ነበርኩ።»